ማንም የተኛችበት ክፍል

የአይሊና የባሏ የሬይኖ ቤት ስንት መኝታ እንዳለው በዚያ አካባቢ የማያውቅ ሰው አልነበረም፣ ከመንግሥት በቀር። ፎቅ ላይ ሁለት፣ ታች ከወጥ ቤቱ ጎን አንድ፤ ሦስት። እንግዳ ሲመጣ የታችኛው ክፍል በር ተዘግቶ ይቆያል፤ ጎረቤትም ዓይኑን ወደዚያ አይልክም። በሰሜን አሜሪካው ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ የሰው ገመና አይጎረጉሩም፣ የራሳቸውንም አያወጡም።

አሁን ግን ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ ቤት ሲሸጥ ደግሞ ገመናው በወረቀት ይጠየቃል። ደላላዋ ዶሪን ወረቀቷን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከአይሊ ፊት ተቀምጣለች። ሻጭ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ክፉ ነገር ሁሉ፣ የሚያፈስ ጣሪያም ቢሆን የሰመጠ መሠረት፣ ተናዝዞ የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ሬይኖ በምድጃው አጠገብ የኦክስጅን ቱቦውን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ያዳምጣል። ዕድሜውን በእንጨት መሰንጠቂያ የጨረሰ ሰው ነው፤ ሳንባው የተነፈሰውን የእንጨት ብናኝ ዛሬ እያስከፈለው ነው።

«መኝታ ክፍል ስንት ልበል?» አለች ዶሪን።

«ሦስት» አለች አይሊ።

ዶሪን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሁለት ነው የሚሉኝ እርስዎ። ሁለት መኝታና አንድ የስፌት ክፍል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በገጠር የከተማ ፍሳሽ መስመር ስለማይደርስ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሴፕቲክ፣ ማለትም የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ይቀብራል፤ ከሴፕቲኩ የሚወጣውም ውሃ ቀስ ብሎ መሬት ውስጥ የሚሰርግበት መስክ አለው። ይህ ሁሉ ያለ ጤና ቢሮ ፈቃድ አይሠራም። ፈቃዱ ታዲያ የሚለካው በቤተሰብ ብዛት አይደለም፤ በመኝታ ክፍል ነው። በርና ቁም ሣጥን ያለው፣ አልጋም የሚገባበት ክፍል መኝታ ይባላል፤ መኝታ ከተባለ መስኩም መስፋት አለበት። የነሬይኖ ፈቃድ የሁለት መኝታ ነው። ስለ ሦስተኛው ክፍል የጤና ቢሮው መዝገብ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የስፌት ክፍል።

«እኔ ይዋሹ አላልኩም» አለች ዶሪን። «መንግሥት የጻፈውን ይድገሙ ነው ያልኩት።»

«ከቁጥቋጦው ሥር ያቁር ስለነበረው የፍሳሽ ውሃስ?»

«ልጅዎ ሴንያ ካረፈች በኋላ ታይቷል?»

«አልታየም።»

«እንግዲያው ምን ይሁን ነው የሚሉት? ላም የሚሸጥ ሰው ስለ ድሮ እርግጫዋ አያወራም።»

ዶሪን ክፉ ሴት አልነበረችም። ከሴንያ ጋር አንድ ክፍል ተምራለች፤ የሴንያን ተሽከርካሪ ወንበር በበረዶ ላይ ስትገፋ ከነወንበሩ ጉድባ ውስጥ የከተተቻትም እሷ ናት። የምትቸኩለው ስለ ሬይኖ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ሌሊቱን ትንፋሽ አጥሮት አምቡላንሱ መንገዱ እስኪጠረግ ሲጠብቅ ረፍዶ ነበር የደረሰው፤ ሐኪሙም ሌላ በረዶ እዚህ አያይም ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ልጃቸው ሮይ ከሆስፒታል አጠገብ ደረጃ የሌለው ቤት አይቶላቸዋል፤ ይህ ካልተሸጠ ግን ያኛው አይገዛም። መሬቱ በብርድ ከጠጠረ ደግሞ የጤና ቢሮ ሰው ሴፕቲክ ሊቆፍርና ሊመረምር አይችልም፤ ያለ ምርመራ ሽያጭ የለም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ መሆን ጀምሯል።

አይሊ ወረቀቱን ሳትፈርም አጠፈችው። አስቤበት እፈርማለሁ አለች። ዶሪን ስትወጣ ሬይኖ ራሱን ብቻ ነቀነቀላት። ሬይኖ ቃል የሚያወጣው እንደ ጥርስ ነው፤ በግድና በሕመም።

ያ የስፌት ክፍል የተባለው መጀመሪያ በረንዳ ነበር። ሴንያ ትንሽ ልጅ ሳለች ጡንቻዋ የሚሟሽሽ በሽታ ያዛት። ሬይኖ ማታ ማታ ፎቅ ወደ መኝታዋ ይሸከማታል፣ ጠዋት ያወርዳታል። እሷ እያደገች ደረጃው እየረዘመ ሄደ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተንሸራቶ ሁለቱም ወደቁ፤ እሷን ደረቱ ላይ ይዞ በጀርባው ነበር የወረደው። በማግስቱ ጤና ቢሮ ሄደና ታች አንድ መኝታ ልጨምር ብሎ ጠየቀ። አፈሩ ሸክላ ነው፣ ጅረቱም ቅርብ ነው፣ መስኩ ከዚህ በላይ አይሰፋም፣ ስለዚህ አይሆንም ተባለ። ሕጉ ስለ ሸክላ አፈር ብዙ ይላል፤ ደረጃ መውጣት ስለማትችል ልጅ ግን የሚለው የለውም። ሬይኖ ወደ ቤቱ መጣ፣ ሾርባውን በላ፣ ከዚያም በረንዳውን መዝጋት ጀመረ። በሩን በርች ከሚባለው ዛፍ እንጨት በራሱ እጅ ልጎ ሠራው፤ ወንበሯ ሳይነካው እንዲያልፍ ከቤቱ በሮች ሁሉ አሰፋው። ሽንት ቤት የሚሆን ጥግም አበጀላት፤ ቧንቧውን ከዚያው ከሁለት መኝታው ሴፕቲክ ጋር አገናኘው።

ወሬ አይቀበርም፤ የጤና ቢሮው ሰው መጣ። ረዥም፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰውዬ ነበር። መኪናው ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ያየችው አይሊ ናት። የስፌት መኪናዋን ጎትታ ክፍሉ ውስጥ አስገባች፤ አልጋው ላይ ያገኘችውን ጨርቅ ሁሉ ከመረችበት፤ ሴንያን በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ የመጋረጃ ጠርዝ አስያዘቻት። ሰውዬው ገብቶ ዙሪያውን ተመለከተ።

«እዚህ ማን ይተኛል?» አለ።

ሬይኖ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ውሸት የማይወጣለት ሰው ነው፤ ትንሽ ቢቆይ እውነቱን ይናገር ነበር።

«ማንም» አለች አይሊ። «የስፌት ክፍል ነው።»

ሰውዬው ሰፊውን በር አየ፤ ጨርቅ የለበሰውን አልጋ አየ፤ መርፌ አያያዝ የማታውቀውን ልጅም አየ። ከዚያ የስፌት ክፍል ብሎ ጻፈና ሄደ። የገባው ይመስላታል አይሊ። ገብቶት፣ አንጀቱ አልችል ብሎት ያለፋቸው ይመስላታል።

በዚያ ቀን ራት ላይ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲበላ ሴንያ ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ማንም ድንች ይጨመርላት ትላለች» አለች።

ሬይኖ ሹካውን አስቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ማንም የቤት ስሟ ሆነ። የመጨረሻውን ዳቦ ማን በላው? ማንም። ራዲዮኑን ማን ከፍቶት አደረ? ማንም። ሮይ ሲናደድ ማንም የምትባል ሰነፍ ቤታችን አለች እያለ ይጮህ ነበር። አይሊም ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን ሁልጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቅ ነበር። ልጅቷን በራሷ አልጋ አጠገብ አስቀምጣ የለችም ያለቻት እሷ ናትና። ሴንያ በዚያ ክፍል ከልጅነት ወደ ወጣትነት አለፈች፤ ሃያ ዓመት ሞልቷት በመጋቢት አንድ ጠዋት እዚያው አረፈች።

ገዢዎቹ በሳምንቱ መጨረሻ መጡ። ኮዲና ኬልሲ ይባላሉ፤ እሱ ለመንገድ ሥራ በረዶ ይጠርጋል፣ እሷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። አይሊ ወደደቻቸው፤ ይህም ነገሩን አከበደው። ኮዲ ከሬይኖ ጋር ስለ ሳውናው፣ ስለ እንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ ምድጃ ተነጋገረ፣ ማለትም ኮዲ ተናገረ፣ ሬይኖ ራሱን ነቀነቀ። ኬልሲ ሄል የገባበትን ዳቦ ቀምሳ ሁለተኛ ቁራሽ ራሷ አነሳች። ሁሉ ነገር እንደ ቅቤ እየሄደ ነበር። ዶሪን ከኋላቸው ሆና ለአይሊ በዓይኗ ትስቅላታለች።

ከዚያ ኬልሲ የታችኛውን በር ከፈተች። «ይሄስ?»

«የስፌት ክፍል» አለች ዶሪን ቶሎ ብላ።

ኬልሲ ገባች። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝቷል። እጇን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ዞር ብላ በሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ ምድጃውን ተመለከተች። «ኮዲ፣ የሕፃኑ አልጋ እዚህ ነው የሚሆነው» አለች። «ወጥ ቤት ሆኜ ሊጥ እንኳን ባቦካ፣ ሲጠራኝ እሰማዋለሁ።»

አይሊ ጠረጴዛውን ያዘች። ምን ልትናገር እንደሆነ ሬይኖ ከእሷ ቀድሞ ያወቀ ይመስል ወንበሩ ላይ ቀና አለ።

«አይሆንም ልጄ» አለች አይሊ። «እዚህ ሕፃን አታስተኚም።»

ዶሪን ጉሮሮዋን ጠረገች። አይሊ አላየቻትም።

«ይሄ የስፌት ክፍል ሆኖ አያውቅም። ልጄ ነበረች የምትተኛበት፤ ሴንያ ትባላለች። በታመመች ጊዜ አባቷ ነው ያለ ፈቃድ የሠራላት፤ ማንም አይተኛም ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሴፕቲኩ የሁለት መኝታ ነው። እኛ ስንበዛበት፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ እዚያ ቁጥቋጦው ሥር ውሃ ያቁር ነበር። ይሸታል። የአንቺ ልጅ የሚድኸው እዚያ ላይ ነው። ወረቀቱም ላይ ይህንኑ ነው የምጽፈው።»

ኬልሲ እጇን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ቀስ ብላ አነሳች፤ የሰው መቃብር ላይ ተደግፋ የነበረች ያህል ደንግጣለች። ኮዲ አመሰገነ፣ ኮፍያውን አጠለቀ፣ ሚስቱን ደግፎ ወጣ። መኪናቸው ዋናው መንገድ ላይ እስኪደርስ ድምፁ ይሰማ ነበር።

ዶሪን ግን ቀረች። «መሬቱ ሊጠጥር ምን ቀረው?» አለች። «ሌላ ገዢ ከየት ላምጣልዎት? ለማን ብለው ነው እውነቱ? ለሞተችው? በሕይወት ያለውን ሰው ይዩት እንጂ፣ እዚያ ተቀምጦ የሚያፏጨውን!»

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ሬይኖን አየችው፣ የተከፈተውን በር አየችው፣ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች። «እኔ እኮ እወዳት ነበር» አለች። አይሊ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት፤ ሌላ የምትሰጠው አልነበራትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አይሊ ሳውናውን ለስለስ አድርጋ አሞቀችው። ሬይኖ ጠንካራ ሙቀት ተከልክሏል፤ ከታችኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ በሩ ገርበብ ተደርጎለት ነው የሚገባው። ድሮ ሙቀቱ ከሚበረታበት ከላይኛው አግዳሚ ጎረቤቱን ሁሉ ያባረረ ሰው ነበር። ቅስሙን ከሰበሩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ግን አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

«ስሟን ጠራሽው» አለ ሬይኖ።

«ጠራሁት።»

«በሰው ፊት።»

«ተቆጣህ?»

ራሱን ነቀነቀ። እንዳልተቆጣ አይሊ ታውቃለች። የምታውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ከቀበረችው ቆይቷል፤ ሆድ ይፍጀው ብላ እስከ ዛሬ ይዛዋለች። ትላንት ግን ጉድጓዱ አንዴ ተከፍቷል፤ አንዴ የተከፈተ ጉድጓድ ደግሞ ግማሹን ብቻ ክደኑኝ አይልም።

«ያን ቀን ጠዋት ጠርታኝ ነበር» አለች።

ሬይኖ ዞር ብሎ አያት።

«ሊጥ እያቦካሁ ነበር። ድምፅ ሰማሁ፤ ማነው የጠራኝ አልኩ። ማንም አለችኝ።» አይሊ እጇን ተመለከተች። «ቀስ ብላ ነው ያለችው። እኔ ጨዋታ መሰለኝ። ፈገግ አልኩ፣ ሬይኖ። ሊጡን ልጨርስ አልኩ። ጨረስኩት፣ ሸፈንኩት፣ እጄን ታጠብኩ፤ ከዚያ ገባሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱም ያውቀዋል። መሬቱ ጠጥሮ መቃብር ስላልተቆፈረ የሴንያ ሬሳ በቤተ ክርስቲያኑ ማቆያ ቤት በረዶው እስኪቀልጥ ሰነበተ፤ በየቀኑ ሄዶ የተቆለፈውን በር ቆሞ የሚያየው እሱ ነበር። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ይህን ያለ ሰው አልወለደም፣ ወይም የወለደውን አልቀበረም። አይሊ የተናገረችው ሳይጠፋ የወለደችው ጠፋባት፤ ያንን አንድ ቃል ለውሸት ባታወጣው ኖሮ ልጅቷ በቃሉ ባልተጠራች፣ በዚያች ጠዋትም እማዬ ብላ በጠራቻት ነበር። እንዲህ እያለች ስታሰላ ነው የኖረችው።

«ብትገቢስ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?» አለ ሬይኖ።

«እጇን እይዛት ነበር።»

«እጅሽ ሊጥ ነበር።»

«ከነሊጡ እይዛት ነበር።»

ሬይኖ የእንጨት ጭልፋውን አነሳና ትንሽ ውሃ በምድጃው የጋሉት ድንጋዮች ላይ ጠብ አደረገ። እንፋሎቱ በመካከላቸው ወጣ። ያልተፈቀደለት ነገር ነው፤ አይሊም አልከለከለችውም።

«እኔንም ጠርታኝ ይሆናል» አለ። «እንጨት ስፈልጥ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ገዢ አልመጣም። አይሊ ወረቀቱን እንዳለችው ሞላችው፤ መኝታ ሦስት፣ ፈቃድ ለሁለት፣ ውሃ አቁሮ ያውቃል። ዶሪን ወረቀቱን አንብባ ተነፈሰች እንጂ አልተከራከረችም። ጅረቱ ዳር ዳሩን ስስ በረዶ መያዝ ጀመረ። ሮይ ስልክ እየደወለ ይቆጣል፤ አይሊ ሰምታ ትዘጋለች። ሬይኖ ማታ ማታ ሲተነፍስ እያደመጠች፣ ለሞተችው ስትል በሕይወት ያለውን ሰው ሸጣው እንደሆነ ራሷን ትጠይቃለች። እውነት መናገር ሰውን ያቀልላል የሚሉት ይህን አላዩም። እሷን አላቀለላትም፤ ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረው እንጂ።

አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ፤ ኬልሲ ነበረች። ሌሎች ቤቶች ሲያዩ እንደሰነበቱ ተናገረች። ሁሉም ወረቀታቸው ንጹሕ ነው፤ አንዱም ሻጭ የማውቀው ችግር አለ ብሎ አልጻፈም። አንዱ ቤት ሲደርሱ ግን ሽታው ከበር ነው የተቀበላቸው። «እማማ፣ የእርስዎን ቤት ነው የማምነው» አለች። ልጃቸውን ፎቅ እንደሚያስተኙት፣ ጤና ቢሮ ለሁለት መኝታ ደህና ነው ካለ እንደሚገዙ ነገረቻት። አይሊ ስልኩን ዘግታ ለሬይኖ ነገረችው።

የጤና ቢሮዋ መርማሪ ወጣት ሴት ናት፤ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማ፣ ጨዋ አንደበት። ሴፕቲኩን አስከፈተች፣ መስኩን በዘንግ እየወጋች አየች፣ ቁጥቋጦው ሥርም ብዙ ቆየች። ለሁለት መኝታ በቂ ነው አለች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ በሰፊው በር ፊት ቆመች፤ ይህን ክፍል ማለፍ እንደማትችል ያስታውቃል። እንደ ድሮው ሰውዬ ብታልፈው የሚቀላት ይመስል ነበር፤ ግን አሁን በሻጭዋ እጅ ተጽፎ ተፈርሟል።

«ወይዘሮ አይሊ፣ መስኩ እንዳይሰፋ አፈሩ ሸክላ ነው» አለች። «ስለዚህ ክፍሉ መኝታ መሆኑ ይቅር። በሩ ይነሳ፣ ቁም ሣጥኑ ይፍረስ፣ የሽንት ቤቱ ቧንቧ ተቆርጦ ይዘጋ። መሬቱ ሳይጠጥር ተመልሼ አያለሁ።»

የእውነቱ ዋጋ ይህ ነበር። አይሊ ሴንያ እዚህ ተኝታለች ብላ ስለተናገረች ሴንያ የተኛችበት ይፈርሳል። ውሸቷ ክፍሉን ያን ሁሉ ዘመን አቆመው፤ እውነቷ በሳምንት አፈረሰው። ተቀምጣ ልትስቅ ወይ ልታለቅስ ፈለገች፤ ሁለቱም እምቢ አሏት።

በሩን ማን ይንቀለው የሚለው ክርክር አላስነሳም። ሬይኖ መፍቻውን ከሳጥኑ አወጣ። ኮዲ ሊያግዝ መጥቶ ነበር፤ ሬይኖ በሩን ያዝልኝ አለው እንጂ ብሎኖቹን አላስነካውም። መፍቻው ከብሎኑ ራስ ላይ እየዘለለ ይወድቃል፤ ኮዲ እያነሳ ያቀብለዋል። ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው ሲሄድ ተቀምጦ ትንፋሹን ይሰበስባል። በሩ ከታች በኩል በተሽከርካሪው ወንበር የእግር ማሳረፊያ ተፍቋል፤ አስፍቶ ሠርቶትም ሴንያ ስትፈጥን ትገጨው ነበር። ሬይኖ ጎንበስ ብሎ ያንን የተፋቀ ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። አይሊ ከወጥ ቤት ሆና አየችው፤ ፊቷን ወደ ምጣዱ መለሰች።

በሩ ሲወጣ ክብደቱ ኮዲን እንኳን አንገዳገደው። የት ላድርገው ብሎ ጠየቀ።

«አይቃጠልም» አለ ሬይኖ።

«አይቃጠልም አባባ። ጎተራው ጣሪያ ሥር አጋድመዋለሁ።»

ሬይኖ ራሱን ነቀነቀ፤ መፍቻውን ግን እስከ ማታ ከእጁ አላወረደውም።

መርማሪዋ የተመለሰችው ደመናው ዝቅ ብሎ የመጀመሪያው በረዶ ጣል ጣል ሲያደርግ ነበር። ዕቃው ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል። አይሊ ለሚረከቡት ሰዎች ዳቦ ትቼ ልሂድ ብላ በዚያ ወጥ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ሊጥ እያቦካች ነው፤ እጇ እስከ አንጓዋ ዱቄት ነው። ዶሪንም መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

መርማሪዋ የተዘጋውን ቧንቧ አየች። ቁም ሣጥኑ የነበረበትን ባዶ ግድግዳ አየች። በር የሌለውን መቃን በሜትር ለካች። ከዚያ ብዕሯን አወጣችና ያስጨነቃት መሆኑ ከድምፅዋ እየታወቀ፣ መጠየቅ ያለባትን ጠየቀች።

«ለመዝገቡ ያህል ነው። አሁን እዚህ ክፍል ማን ይተኛል?»

ዶሪን ዓይኗን ጨፈነች። አይሊ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ያንን ቃል ሁለተኛ ላታወጣው ምላ ነበር። መርማሪዋ ብዕሯን እንደያዘች ትጠብቃለች።

ሬይኖ ቱቦውን አስተካክሎ ከወንበሩ ተነሳ። በዕድሜው ዋሽቶ የማያውቀው ሰው፣ ፊቱ ሳይቀላ፣ ክፍሉ መሐል ላይ ያረፈውን ብርሃን እያየ ተናገረ።

«ማንም» አለ።

መርማሪዋ ጻፈች።

አይሊ እጇን ከሊጡ አወጣች። አላጠበችውም፣ አልጠረገችውም። ዶሪን ምን ሆኑ ብላ እጇን ዘረጋች፤ አይሊ በአጠገቧ አለፈች፣ በመርማሪዋም አጠገብ አለፈች፣ በር ወደሌለው መቃን ቀጥ ብላ ሄደች።

«መጣሁ ልጄ» አለች።

አልጋው በነበረበት ቦታ፣ ባዶው ወለል ላይ ተንበረከከች፤ ሊጥ ያለበትን እጇንም ዘረጋች።